ዘንዶ የያዛት ልጅ

ልብስ ሰፊዋ ከዚህ ዓለም የለመነችው ነገር ቢኖር አንድ ምዕራፍ ሳይቋረጥባት ማንበብ ነው። እሱ ግን አልሆነላትም። እናቷ ዓይናቸው ስለደከመ ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለው ሶፋ ላይ ይውላሉ። ጆሯቸው ግን አንዲት ቃል አታመልጠውም። ካውያው እስኪግል፣ ደንበኛ ልብስ ለክቶ እስኪወጣ፣ እሷ መጽሐፏን ከጨርቁ ሥር ትመዛለች፤ እሳቸውም ወዲያው "ጮክ በይ እንጂ!" ይላሉ።

መጽሐፉ ከጎረቤት የተዋሰችው መንፈሳዊ ልብ ወለድ ነው። መዝሙር ሲሰሙ የሚያጎነብሱ ዛፎች አሉበት፤ ቂመኛ ሰው ሲያነሣው የሚከብድ ሰይፍ አለበት፤ ዘንዶ ግንብ ውስጥ የዘጋባት ልጅም አለች። እናቷ ደግሞ ለልብ ወለድ ያላቸው ስም አንድ ብቻ ነው፦ ውሸት። በልጅነቷ ስንቱን መጽሐፍ ከእጇ ነጥቀው ቁምሳጥን አናት ላይ ሰቅለውባታል። ዛሬም አርባ ዓመት አልፏት አልተዋትም።

"እና እውነት ነው?" ይላሉ በየገጹ።

"አይደለም እማዬ፣ ልብ ወለድ ነው።"

"ውሸት ነው በይኛ!"

"እሺ፣ ውሸት ነው። ላቁም?"

"አቁሚ መቼ አልኩሽ? ልጅቷን ውኃ እንኳ አላጠጧትም?"

ሰው በዚህ አያብድም?

አንድ ረፋድ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመች፣ መጽሐፉ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተከፍቶ ሳለ፣ የእናቷ የጸሎት እህቶች ተግተልትለው ገቡ። ከፊት መሪያቸው አለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ ስለሚሰማ ሰፈሩ ደወል ይላታል። ደወል ሰላም እንኳ ሳትል እጇን ልብስ ሰፊዋ ራስ ላይ ጫነች።

"አንተ ዘንዶ፣ ልቀቃት!"

ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ የያዘቻቸውን እስፒሎች ልትውጣቸው ምንም አልቀራት።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። እናቷ ለእህቶቹ "ዘንዶ የያዛት ልጅ አለች፣ በጸሎት አስቧት" ብለዋቸዋል። በጸሎት ቤት ዘንዶ ማለት ሰይጣን ነው፤ ሌላ ዘንዶ የሚያውቅ የለም። እህቶቹም ሲጾሙና ሲያለቅሱ ሰንብተው፣ ልጅቷ ይቺው ሳታገባ የቀረችው የእሳቸው ልጅ መሆን አለባት ብለው ቆረጡ።

ልብስ ሰፊዋ እስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ አስረዳች። ልጅቷ የለችም፤ ግንቡም የለም፤ ዘንዶውም ያው ወረቀት ነው።

"ለሌለች ሰው ነው የጾምነው?" አለች ደወል። "እንግዲያው ዘንዶው መጽሐፉ ነው! የታለ? ዛሬውኑ ይዤው እወጣለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ መኪናው ዞረች። መቀሱና ሜትሩ አለ፣ መጽሐፉ የለም። መጽሐፉ የሰው ነው፣ ልጅቷም ገና አልወጣችም። እህቶቹ ጨርቁን ገለባበጡ፣ መሳቢያውን በረበሩ። ግርግር ለሌባ ያመቻል ይባል የለ? ያኔ ነው እናቷን ያየቻቸው። ብርድ ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ወትሮ ሲቀመጡ ይጎብጣሉ።

"እትዬ፣ እርስዎ መቼም ውሸት አያውቁም" አለች ደወል። "መጽሐፉ የት ነው?"

"መልሳዋለች" አሉ እናቷ ፈጠን ብለው። "ጠዋት ነው ለባለቤቱ የመለሰችው።"

የእሳቸውን ቃል የሚጠራጠር የለም። እህቶቹ ሁሉንም ባርከው ወጡ። ልብስ ሰፊዋ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"እማዬ! ዋሸሽ እኮ!"

እናቷ ሶፋውን ተደግፈው በመከራ ብድግ አሉ። የተጨማደደውን መጽሐፍ ከመቀመጫቸው ስበው ሰጧት።

"ዝም ብለሽ አንብቢ" አሉ። "መጀመሪያ እሷ ከግንቡ ትውጣ፤ እኔ ንስሐ በኋላ እገባለሁ።"