የአባዬ ወገን አልነሳ ሲል

እኛ ቤት ያለው ኮምፒውተር ሁለት ወገን አለው። ሲበራ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፤ ላይኛው የአባዬ፣ ታችኛው የእኛ። ታችኛውን የመረጠ የዚህን አገር ቋንቋ፣ ዕብራይስጥን፣ የሚናገረው ዊንዶውስ ይከፈትለታል። የሐኪም ቀጠሮ፣ የመብራት ክፍያ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጣጣ ሁሉ እዚያ ነው። ላይኛውን የመረጠ ደግሞ ሊኑክስ ወደሚሉት ይገባል፤ እዚያ የሚገባ ከአባዬ በቀር ማንም አልነበረም።

አባዬ ገደራ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነበር። ትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲጥል አንዱን ለምኖ፣ በአውቶቡስ ታቅፎ እኛ ወዳለንበት ቂርያት ማላኪ አመጣው። ከዚያ ሰፈራችን ማትናስ በሚሉት የሕዝብ ማዕከል ውስጥ ለጡረተኞች የሚሰጠው ኮርስ ገባ። አስተማሪው ሁለተኛ ዲስክ ጨምሮ ሊኑክሱን ሲጭንለት አባዬ ፍቅር ያዘው፤ አስተማሪው ከላይ እስከ ታች በአማርኛ አደረገለት። «ይኼኛው ያገሬን ፊደል ያውቃል» ይለን ነበር። ዊንዶውሱም አማርኛ ይጽፋል ብለን ብንነግረው «ይጻፋ፣ ማን ከለከለው» አለና ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥና ጎንደር ላለችው እህቱ ድምፁን ይቀዳል። አክስቴ ወደዚህ ለመምጣት ተራ ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸብቷል። ስልክ ሲደዋወሉ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ «ሰማሽኝ?» «አልሰማሁህም» እንደተባባሉ ይቋረጥ ነበር። ስለዚህ አባዬ ይቀዳና በቴሌግራም ይልካል፤ እሷም ኔትወርክ ስታገኝ ትሰማለች፤ ደግማ ደጋግማ ትሰማለች። ሰንበት የሚገባላት በእሱ ድምፅ ነው።

አባዬ በብርዱ ወራት፣ በሐኑካ በዓል ሰሞን ሞተ። ለአክስቴ አልተነገራትም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድ ከቦት፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ኖሮ። ሽማግሌዎቻችን ተቀምጠው መከሩ። በረራዋ ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሏልና ትምጣ፣ እኛ ዘንድ ትደር፣ ያኔ ይነገራት አሉ። እዚያ ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆን ማን ሊያነሳት? መታመሙን ታውቃለች። ሐኪም ስልክ ከልክሎታል፣ ሲሻለው ግን ይቀዳልሻል አልናት። ሥራ ቦታ ይሄን ሳወራ «ታዲያ ውሸት አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ላስረዳ እጀምርና መሀል ላይ እተወዋለሁ።

ድምፁን ዓርብ ዓርብ መላኩ ለእኔ ተሰጠ። አባዬ ከሚልከው በላይ ይቀዳ ነበር፣ በተለይ ወደ መጨረሻው፤ ያልተላኩት በእሱ ወገን «ለሰንበት» የሚል ፎልደር ውስጥ ተጠራቅመዋል። የኋለኞቹ ስለ ዝናብም አያነሱ፣ ስለ ሙቀትም አያነሱ። «ደህና ነን፣ አይዞሽ፣ ሰንበት ሰላም» ነው በቃ። ሕመሙ ወሬ አሳጣው ብዬ ነበር። ለእኔ ግን ተመቸኝ፤ የትኛውም ዓርብ ላይ ይሄዳሉ። ሁሉንም በአንዴ ወደ ስልኬ ለምን አልገለበጥኩም? መገልበጥ እችል ነበር። ግን እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ላይኛውን መስመር መምረጥ፣ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጡ» ሲለኝ ማየት እፈልግ ነበር። ናፍቆኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የፋሲካ ሳምንት መጣ። እማዬ በፋሲካ ሰሞን ሰው አይደለችም። አልጋው ይነሳል፣ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ አቧራ መሳቢያውን እየጎተተች ከክፍል ክፍል ትዞራለች። በፋሲካ እርሾ የነካው ነገር ቤት ውስጥ አይገኝምና፣ ከዳቦ ፍርፋሪ አንዲት ብትቀር ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የምታጣ ይመስለኛል። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ስመለስ ወንበሮቹ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ወጥተዋል። እኔም የአባዬን ወንበር አውርጄ ቁጭ አልኩና ኮምፒውተሩን አበራሁ።

ሁለቱ መስመር የለም። ጥቁር ሰሌዳ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ ትእዛዝ የምትጠብቅ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። ምን ብዬ ልዘዛት? አጠፋሁት፣ አበራሁት። ከግድግዳው ነቅዬ መለስኩት። ጥቂት ሰደብኩት፤ አልጠቀመም።

ስልኬ ላይ ፈላልጌ፣ ሲበራ አንዷን ቁልፍ ተጭኖ በየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ መምረጥ እንደሚቻል አገኘሁ። ተጫንኩ። አንድ ዲስክ ብቻ ወጣልኝ። እሱን ስመርጥ ዊንዶውስ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ከነሰማያዊ ሰማዩ ከች አለ። የእኛ ወገን ደህና ነው። የአባዬ የለም።

«ያላ፣ ያንን ማህሼብ ተይውና መጋረጃውን አውርጂልኝ» አለችኝ እማዬ፤ ማህሼብ የምትለው ኮምፒውተሩን ነው።

በማግሥቱ ሥራ ቦታ፣ ያቭነ ያለው ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሽን ለሚጠግነው ባልደረባችን ነገርኩት። የማስነሻው ፕሮግራም ተበላሽቶ ይሆናል፣ ይሄ የተለመደ ነው ብሎ አንድ ፍላሽ አዘጋጅቶ ሰጠኝ፤ በዚህ አስነሺው፣ ራሱ ፈልጎ ይጠግንልሻል አለ። በአውቶቡሱ መንገድ ሁሉ ፍላሹን በጡጫዬ ጨብጬ መጣሁ። ሰካሁት፤ ተነሳ፤ መጠገኛውን ከፈትኩት። እሱም ፈለገ፣ ፈለገና አንድ ዲስክ ብቻ ነው ያለሽ አለኝ። የሚጠገን ነገር አላገኘም።

እንግዲህ የማስነሻው ችግር አልነበረም። ዲስኩ ራሱ ነው የጠፋው። ሥራ ቦታ ዲስክ ሲበላሽ «ሞተ» ነው የሚሉት። እኔ ያንን ቃል ከአፌ ላወጣው አልቻልኩም። ነገ ዓርብ ነው፣ ደግሞም የፋሲካ ዋዜማ። አክስቴ አንድም ዓመት ድምፁ ሳይደርሳት ፋሲካ ገብቶላት አያውቅም። ይሄ ዓርብ ባዶውን ቢያልፍ ታውቃለች፤ ያቺ ሴት ከምንነግራት ይልቅ የማንነግራትን ነው የምትሰማው።

ዓርብ ማለዳ የኮምፒውተሩን ሳጥን በገበያ ጋሪ ጭኜ ገደራ ወደሚሠራ ቴክኒሻን ወሰድኩት። ሱቁ በሰው ተጨናንቋል፤ ሁሉም ከበዓል በፊት ነው የሚፈልገው። አንድ ጊዜ አበራው፣ ሰሌዳውን አየት አደረገ። «አሮጌ ዲስክ ነው፣ አብቅቶለታል። ከበዓል በኋላ አምጪውና አዲስ ላስገባልሽ። ዊንዶውስ አለሽ አይደል? ሁለት ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሥራ በዝቶበታል። «ቤሰደር፣ እሺ» አልኩና ጋሪዬን ጎትቼ ወጣሁ። የሚቀጥለው አውቶቡስ እስኪመጣ አባዬ ይሠራበት የነበረው ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል።

ቤት ስገባ እማዬ ድንች ትልጣለች። ሳጥኑን መሬት ላይ አጋደምኩና ካቻቢቴ አምጥቼ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ከሞተም ልየው ብዬ ነው መሰለኝ።

ክዳኑን ሳነሳው ውስጡ ያብረቀርቃል።

ያ ኮምፒውተር ስንት ዘመን የኖረ ነው፤ አቧራው እንደ በግ ፀጉር ተደርቦ መገኘት ነበረበት። አንዲት ብናኝ የለችም። የሎሚ ሳሙና ይሸታል።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ይሄን ከፍተሽዋል?»

«አዎ።» ድንቹን መላጧን አላቋረጠችም። «አባትሽ እዚያ ላይ ሆኖ ዳቦ ይበላ ነበር። ፍርፋሪው ውስጥ ገብቶ እርሾ ይዤ ፋሲካ ልግባ እንዴ?»

«ገመድ ነቅለሻል?»

«ያስቸገረኝን ነቅያለሁ። መልሼ ሰክቻለሁ ደግሞ።»

«ሁሉንም?»

የላጠችውን ድንች ውኃው ውስጥ ጣለች። «የታየኝን» አለች።

አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ የአባዬ ዲስክ ተወልውሎ ተቀምጧል። ሁለቱ ገመዶቹ፣ ቀጭኑም ሰፊውም፣ ከኋላው ተንጠልጥለዋል። አንዱን ገፋሁት፣ ቀጭ አለ። ሌላውንም። ሳጥኑን ሳልዘጋ አበራሁት፣ የዲስኩ ማጉረምረምም ተሰማኝ፤ ሰሞኑን ከቤቱ የጎደለው ድምፅ ይሄ ኖሯል። ሁለቱ መስመር መጣ። ላይኛውን መረጥኩ። «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እማዬ ግን በእሷ የተናደድኩ መስሏት ነው መሰለኝ ድንቿን ይዛ ማድቤት ገባች።

ሌላ ጣጣ ቀረኝ። ለፋሲካ የትኛውን ልላክ? ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ሰምታቸዋለች፤ ቃል የምትረሳ ሴት አይደለችም። ፎልደሩን ወደ ታች ሳወርድ፣ መጨረሻ ላይ «ፋሲካ» ተብሎ የተጻፈ አለ። የተቀዳበትን ቀን አየሁ። ከዳስ በዓል በኋላ፣ ከሆስፒታል በተመለሰበት ሳምንት ነው። በመከር ወራት ስለ ፋሲካ ማን ያወራል? ከፈትኩት።

«እህት ዓለም፣ እንኳን ለፋሲካ አደረሰሽ። እኛ ደህና ነን። ቤቱ ታጥቦ ታጥቦ መቀመጫ የለንም። ባለቤቴ ዘንድሮም ኮምፒውተሬን ከፍታ ጠርጋልኛለች። በየዓመቱ ገመዱን ትነቅለዋለች፣ እኔም ሳታየኝ እመልሰዋለሁ። አልነግራትም። ከነገርኳት ከርሞ እየፈራች ታጸዳለች፤ እየፈራች ስታጸዳ ደስ አይለኝም። ለልጅቱ ብቻ መንገር አለብኝ፣ እየረሳሁት ነው። አይዞሽ፣ መንገድሽ ቅርብ ነው። ሰንበት ሰላም።»

ዘንድሮ ይላል። የዘንድሮን ፋሲካ እንደማያየው ግን ያውቃል። ሐኪሙ የነገረውን ለእኛ አልነገረንም እንጂ ሰምቶት ኖሯል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ እሱ ለማይኖርባቸው ዓርቦች ቀዳ። ስለ ዝናብ ያላነሳው ወሬ አጥቶ አይደለም። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ያውቃል፣ እህቱ መቼ እንደምትመጣ አያውቅም፣ እኛ የምናደርገውን ግን ከእኛ በፊት አውቆታል።

ዞር ስል እማዬ ቢላዋውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«በየዓመቱ?» አለች።

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«መልሺልኝ እስቲ።»

መለስኩላት። የአባዬ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ደግማ ሰማችው፤ «ሳታየኝ እመልሰዋለሁ» ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ከሞተ ወዲህ ድምፁ ሲከፈት ሁልጊዜ ማድቤት ትገባ ነበር። «አንድ ቀን አልነገረኝም» አለች ለራሷ። እንባዋን በሽርጧ ጠረገች፣ ሽርጧ ላይ የቀረ የድንች ልጣጭም ፊቷ ላይ ተለጠፈ።

ፀሐይ ሳትገባ ላክሁት። የእማዬ የሰንበት መብራት ሳይለኮስ መልሱ ደረሰ፤ ኔትወርኩ ለአንድ ጊዜ ራርቶልናል። አክስቴ በዚያ ቀጭን ድምፅዋ ትስቃለች። «ተመስገን፣ ድምፁ ተሽሎታል። ሚስቱን ይተዋት በሉት፣ ታጽዳ። ስመጣ እኔም አግዛታለሁ።»

እማዬና እኔ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ተነስታ የሳጥኑን ክዳን ራሷ አመጣችና ገጠመችው፣ በሽርጧም ላዩን ወለወለችው።

«ከርሞም አጸዳዋለሁ» አለች።

«አጽጂው።»

«ገመዱንም መንቀሌ አይቀርም።»

«እመልሰዋለሁ፣ እማዬ።»

ወደ ማድቤቱ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እንዳትነግሪኝ ታዲያ» አለችኝ።