ለባል የተላከ ጎደሎ ጆንያ

ሩፖሂ በሕንድ አገር ከብራህማፑትራ ወንዝ ዳር፣ ከሩዝ ገበሬዎች ተወልዳ፣ እጇ ከመርፌ ተለይቶ አያውቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች መንደሯ አጠገብ የአውሮፕላን ሜዳ ሲሠሩ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ሞልታ እንድትሰፋ ተቀጠረች።

ባሏ ሞኒራም በርማ ድንበር ጫካ ውስጥ የወታደር ስንቅ ተሸካሚ ነበር። እዚያ መንገድ የለም፤ የሚበላው አውሮፕላን የሚወረውርለትን ሩዝ ነው። ያን ሩዝ ጆንያ ውስጥ የምትሞላው ደግሞ ሚስቱ።

ሩዙ አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ያ ጆንያ ደግሞ ሰፋ ያለ ሌላ ጆንያ ውስጥ። ፓራሹት የለው፣ እንዲሁ ከሰማይ ይለቀቃል። «የውስጡን ሲሶውን አጉድሉ» ተብለዋል ሴቶቹ። በሩፖሂ እናት ቤት ግን ስፍር ተነቅንቆ፣ ጫፉ ተቆልሎ ነው የሚሰጠው፤ አጉድሎ መስፈር ለጠላትም ነውር ነው። ታዲያ ለባሏ እንዴት ታጉድል? ተቆጣጣሪው ዞር ሲል በጉልበቷ እየጠቀጠቀች ትሞላዋለች።

አንድ ቀን ጆንያውን ከአውሮፕላን ገፍቶ የሚጥለው አሜሪካዊ፣ ፊቱን ፀሐይ የላጠው ረጅም ወታደር፣ የሷን ጆንያ ሲያነሳ አቃሰተ። ሊፈትነው ተሸክሞት ሜዳው ዳር ካለ የእንጨት ማማ ላይ ወጣና ቁልቁል ለቀቀው። ሁለቱም ጆንያ ተተረተረ፤ ሩዙ ተበተነ፣ ዶሮዎች ተሯሯጡ። ቀጥሎ የጓደኛዋን የጁንመላን ላላ ያለ ጆንያ ጣለ። የውስጡ ፈነዳ፣ የውጪው ግን ይዞ ቀረ።

«የተተረተረው የማን እጅ ሥራ ነው?» አለ ተቆጣጣሪው ሽማግሌ ደሂራም።

«የኔ ነው አጎቴ። ባሌ እንዲጠግብ ብዬ...»

«ያጠገብሽውስ ዶሮዎቹን ነው!»

ጁንመላ ሳቀች። «አይ አንቺ! ሞኒራምን ጭቃ ላይ ጥሬ ስታስለቅሚው ከረምሽ በይኛ!»

ሩፖሂ አልሳቀችም። «ልታባርረኝ ነው?» አለችው ደሂራምን።

«ማባረርማ ቀላል ነበር። ቁጭ በይና አጉድለሽ ስፊ።»

አጉድላ ሰፋች። ሲሶው ባዶ የሆነ ጆንያ ለገዛ ባል! ግን ላከች፤ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ተሸካሚ እግሩ ቆስሎ ተመለሰ።

«ሞኒራም ደህና ነው እትዬ። በዝናቡ መግቢያ ሆዳችን ከጀርባችን ተጣብቆ ነበር፣ ጆንያው ሁሉ እየፈነዳ። አሁንማ ዓሣ የለም እያለ ያማርራል።»

«ካማረረስ ጠግቧል» አለች።

ሞኒራም በዓመቱ ተመለሰ፤ አብረውም አረጁ። በየድግሱ የዚያን ረሃብ ወሬ ሲያነሳ እሷ ተነስታ ሳህን ትሰበስባለች። ጆንያውን ጠቅጥቃ ያስፈነዳችው እሷ መሆኗን እስኪሞት አልነገረችውም።