ሽበሺ የመረጠው መክተፊያ

ሽበሺ ድሮም መምረጥ አይሆንለትም። ሸሚዝ ሊገዛ ገበያ ቢወጣ እጁ የገባውን የመጀመሪያውን ይዞ የሚመለስ ሰው ነው። ባለቤቱ አስካለ «እኔንም እንዲሁ ነው ያነሳኸኝ» እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱም ይስቃል። የእንጨት መክተፊያው ማሽን ነገር ከመጣ ወዲህ ግን ሳቁ ጠፋ።

አዋሳ ውስጥ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ባለው የችግኝ ጣቢያ ሽበሺ የትራክተር ሾፌር ነበር። ትራክተሯ ትንሽ ስለሆነች ሠራተኛው «ፍየሏ» ይላታል። ከተራራው የተመለመለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ግቢው ውስጥ እየተከመረ፣ እሳትም እየተነሳበት ስላስቸገረ፣ ይከተፍና የችግኝ መደቡ ይልበሰው ተባለ። የተከተፈ እንጨት አፈሩን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ እርጥበትም ይይዛል። በመንግሥት መጋዘን ደግሞ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጡ፣ ከትራክተር ኋላ የሚገጠሙ ሁለት የእንጨት መክተፊያዎች ቆመው ነበር፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። የሚስማማውን የሚመርጠው በትራክተሯ የሚሠራው ሰው ይሁን ሲባል ጣቱ ሁሉ ወደ ሽበሺ ዞረ።

ለሌላ ሰው ክብር ነው። ለሽበሺ ግን ራስ ምታት ነበር። ባለፈው ዓመት ደረሰ የሚባል የጣቢያው መካኒክ የውሃ ፓምፕ መርጦ ነበር። ፓምፑ ወር ሳይሞላው ተቃጠለ። «የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» ተባለና ደረሰን ሁለት ሰዎች መጥተው ከምሳው ላይ አስነስተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። በዚያ ላይ ሽበሺ ጸሎት ቤቱ የታሸገበት ጴንጤ ነው። እሱን አሻጥረኛ ለማለት ብዙ ድካም እንደማይጠይቅ ያውቀዋል።

መጋዘን የሄደው ከጣቢያው ኃላፊ ከጓድ ፍቅሬ ጋር ነው። ፍቅሬ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው እንጂ። ፈሪ አለቃ ደግሞ ከክፉው ይብሳል፤ ክፉው ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ፍቅሬ ትልቁን መክተፊያ ሲያይ ፊቱ በራ። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ አፉ በር የሚያክል ነው።

«ማሽን ማለት ይኼ ነው» አለ። «የክፍለ ሀገሩ ሰዎች ለጉብኝት ሲመጡ ይኼን ቢያዩ ምን የሚሉ ይመስልሃል?»

«ጓድ ፍቅሬ፣ ፍየሏ ይኼን የምትችለው አልመሰለኝም።»

«አልመሰለህም ነው ወይስ እርግጠኛ ነህ?»

ሽበሺ ወደ ማሽኖቹ ቀረበ። እርግጠኛ አልነበረም። ማሽኖቹ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሁለቱም በማያውቁት ቋንቋ ነው። እሱ የሚያውቀው ትራክተሯን ብቻ ነው፤ የጫነችው አሸዋ ሲበዛባት ዳገት ላይ እንደምታቃስት፣ ፍሪሲዮኗ እየጋለ እንደሚሸት። የትልቁን፣ ስለቶቹ የተገጠሙበትን የብረት ዘንግ በእጁ ሊያዞር ታገለ፣ ፍንክች አልል አለው። የትንሹ ዞረለት። ይህ ማስረጃ ይሁን አይሁን ግን ሊያውቅ አልቻለም። ትልቁን ወስዶ ትራክተሯ ብትሰበር አሻጥር ነው። ትንሹን ቢወስድ ደግሞ «ትልቁ ቆሞ ሳለ ሥራውን ለማጓተት ነው» ይሉታል።

«ትንሹን» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«እንግዲህ የመረጥከው አንተ ነህ» አለ ፍቅሬ። ከዚያም መጋዘን ጠባቂው በደንብ እንዲሰማ ደገመው።

ጉብኝቱ እስኪደርስ ሽበሺ ከመክተፊያው አልተለየም። ስለቶቹን ሳለ፣ እንደገና ሳለ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ግሪስ ቀባ። በበሩ መኪና ባለፈ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። አስካለ እዚያው ጣቢያ ችግኝ ስለምትኮተኩት ጭንቀቱን ቤትም ሥራም ታየዋለች።

«አንተ ሰው፣ ማሽን መረጥክ እንጂ ነፍስ አላጠፋህ» አለችው።

«ደረሰስ የማንን ነፍስ አጠፋ?»

በምን እንደምትረዳው ግራ ገባት። አስካለ አዋሳ አጠገብ ያለችው የቱላ ልጅ ናት፤ እንግዳ ሲመጣ ግቢ መጽዳት፣ የተዝረከረከ መሰብሰብ እንዳለበት እየተነገራት ያደገች። በጉብኝቱ ዕለት ማልዳ ገብታ ከመክተፊያው አጠገብ የተበተነውን ቅርንጫፍ በእቅፍ በእቅፍ እየሰበሰበች በቃጫ አሰረችው። ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ በዚህ አገር የማይገባበት የለም፤ እንጨት ይታሰርበታል፣ ከብት ይታሰርበታል፣ የጎጆ ማገር ይጠፈርበታል። ሽበሺም መጥቶ እስሮቹ ተደርድረው ሲያይ ትንሽ ልቡ ረጋ። ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ሲፈትሽ ሰንብቷል፤ ቃጫው ግን ዓይኑ እያየው ትዝም አላለው።

ከክፍለ ሀገሩ የመጡትን እንግዶች የሚመራው ጓድ ደምሴ የሚባል ቁጡ ሰው ነበር። ሠራተኛው ተሰለፈ። ሽበሺ ትራክተሯን አስነስቶ፣ የመጀመሪያውን እስር አንስቶ እንደታሰረ ለመክተፊያው አጎረሰው። ክታፊው ተረጨ፤ ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛውን አጎረሰ። በሦስተኛው መክተፊያው አቃሰተ፣ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቆመ። የትራክተሯም ሞተር አብሮ ጠፋ።

«ይኼን የመረጠው ማን ነው?» አለ ደምሴ።

ፍቅሬ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሽበሺ ክዳኑን ከፈተ። ቃጫው ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ስለቶቹን አንቆ ይዟቸዋል። አሁን ገባው። ቀና ሲል አስካለም ገብቷት ኖሮ መኮትኮቻዋን ጥላ ከሰልፉ ስትወጣ አያት። «ያሰርኩት እኔ ነኝ» ልትል ነው። ከዚያ ማን አዟት እንዳሰረች ይጠየቃል፤ ከዚያ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። ሽበሺ የገዛ ፍርሃቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳው፤ ለእሷ መፍራቱ በለጠበት።

«እኔ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ። «የመረጥኩትም እኔ፣ ማሰሪያውን ሳልፈታ ያጎረስኩትም እኔ። ማሽኑ ምንም አላጠፋም።»

አስካለ ባለችበት ቀረች።

ደምሴ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። «ቃጫ ነው?»

«አዎ ጓድ፣ ቃጫ ነው።»

«ቁረጠውና አስነሳው።»

ሽበሺ ቃጫውን በቢላዋ እየቆረጠ አወጣ፣ የቀሩትን እስሮች ፈታ፣ ትራክተሯን አስነሳ። መክተፊያው የተሰጠውን ሁሉ ሳያንገራግር በላ።

«መጋዘን የነበረውን ትልቁን ለምን ተውከው?» አለ ደምሴ።

«ለትራክተሯ ፈርቼ ነው።»

«የሌላ ጣቢያ ሰዎች ሳይፈሩ ወስደውት ትራክተራቸው ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ቆሟል» አለ ደምሴ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጓዶች፣ ጥፋቱን የማይደብቅ፣ ለመንግሥት ንብረት የሚሳሳ እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው። ከዛሬ ጀምሮ የክፍለ ሀገሩን ማሽን ሁሉ የሚመርጥልን ጓድ ሽበሺ ነው። ሰኞ ለሐኪም ቤቱ ጄኔሬተር በመምረጥ ይጀምራል።»

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ፍቅሬ ነው። በዕድሜው ጄኔሬተር በቅርብ አይቶ የማያውቀው ሽበሺም፣ በዚያ ዘመን ሲጨበጨብ እጅን አጣጥፎ መቆም ስለማይቻል፣ አብሮ አጨበጨበ። ያላጨበጨበችው አስካለ ብቻ ናት፤ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጭናለች።