ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከነከተማቸው

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በበጋው መካከል፣ እስራኤል አገር ፔታ ቲክቫ ከተማ ሥራ ጀመርኩ። ቢሮው ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጋራዥ በላይ ያለች ክፍል ነው። ከአውቶቡስ አብረውኝ የወረዱት የፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱ ወደየበራቸው ገቡ፤ እኔ ደረጃውን ወጣሁ።

ጋዜጣው በአማርኛ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ይወጣል። አዘጋጁ ይስሐቅ ይባላል። ያን ቀን አንድ ፎቶ ሰጠኝና የግርጌውን ጽሑፍ እንድጽፍ አዘዘኝ። ሁለት ልጃገረዶች ባሕር ውስጥ ቆመዋል። «ደስተኛ ጓደኛሞች በባሕር ዳርቻ» ብዬ ጻፍኩ።

«ደስተኛ መሆናቸውን ጠየቅሃቸው?» አለኝ።

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ጓደኛሞች መሆናቸውንስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «ስም፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የሚኖሩበት ከተማ። ፎቶውን ያነሣው ሰው። አለቀ። ያላ፣ ቶሎ ደውል!»

ደወልኩ። እኅትማማቾች ነበሩ። ፎቶውን የተነሡ ዕለትም ተጣልተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ በጋ አለፈ። በበጋ ዜና ይሳሳል። ኃላፊዎች ዕረፍት ይወጣሉ፤ ቃል አቀባዮች ስልክ ይዘጋሉ። ስለዚህ የመጨረሻውን ገጽ አንባቢዎች በስልካቸው ላነሡት ፎቶ እንሰጣለን። የጡረተኞች ክበብ ወደ ኪኔሬት ሐይቅ ያደረገው ጉዞ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ የባር ሚጽቫ ድግስ፣ ሠራዊት የሚገባ ልጅ ሽኝት፣ በረንዳ ላይ የተቆረጠ ሐብሐብ። ገጹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በፎቶው ላይ ላለው ሰው ሁሉ እደውላለሁ፤ የስሙን ፊደል አጣራለሁ፤ ከተማውን እጠይቃለሁ፤ እንዲታተም ፈቃዱን እቀበላለሁ።

ይህ ሥራ ብቻውን ለሚኖር ሰው ይመቸዋል። ባለቤቴ ካረፈች ቆየች። ልጄ ሰሜን ትኖራለች፤ ስደውልላት ሥራ ላይ መሆኗን በዕብራይስጥ ትነግረኛለች። ለጋዜጣው ግን ሁሉም ስልክ ያነሣል። ስለ ባሕሩ ሙቀት፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያጫውቱኛል። ሠርጉ ላይ ሄጄ ፎቶ አነሣለሁ። የጥሪ ካርድ ግን የሚሰጠኝ የለም። «አንተ መቼም ለሥራ ትመጣለህ» ይሉኛል። ስለዚህ በየአዳራሹ በስሜ የተያዘ ወንበር የለም። እበላለሁ፤ የምበላው ቆሜ ነው።

ባለፈው በጋ ወይዘሮ ስንዱ አንድ ፎቶ ላኩልኝ። ወይዘሮ ስንዱ እዚሁ ሰጉላ ፋብሪካ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ጎንደር ሳሉ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጋዜጣችንን በጣታቸው እየተከተሉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያነባሉ።

ፎቶው ላይ ወይዘሮ ስንዱን ጨምሮ አራት ሴቶች ኪኔሬት ውሃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበዋል፤ በሌላው ተያይዘዋል። አራቱም የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። ከኢትዮጵያ ሲወጡ እስከ ሱዳን በእግር አብረው ተጉዘዋል። እዚህ ሲደርሱ በአራት ከተማ ተበተኑ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበጋ ጉዞ ላይ ይገናኛሉ።

«የፊታችን ሐሙስ ይውጣልኝ» አሉኝ። «ማታውን የልጄ ሠርግ ነው። ጋዜጣውን በየጠረጴዛው አዞረዋለሁ። እኛም እንደ ሰው ጋዜጣ ላይ እንታይ እንጂ!»

ሁለቱን ጓደኞቻቸውን እሑድ አገኘኋቸው። አራተኛዋ ወይዘሮ የሺ ነበሩ፣ ከቅርያት ጋት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስደውል ልጃቸው ሚካል አነሣች። ለምን እንደደወልኩ ነገርኳት።

«እናቴ ትናንት አረፈች» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት ቀበርናት።»

እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። ከዚያ የስማቸውን ፊደል ጠየቅኋት። ልማድ ነው። ልክ ነው አለች።

«ለእማማ ስንዱ እንዳትነግር» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ ተነጋግረዋል። መርዶው ከሠርጉ በኋላ፣ እሑድ ጠዋት ነው።»

እዚህ ለተወለዱ አንባቢዎች፦ በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ድግስ የደገሰ ሰው ከሆነም ድግሱ እስኪያልፍ ይደበቃል። አገር ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ስንዱ በጎረቤታቸው ስልክ ደወሉልኝ።

«የኔን ስልክ ልጆቹ ተበላሽቷል፣ እናሠራዋለን ብለው ወሰዱት። ትናንት ደህና ነበር እኮ! የሺን አገኘሃት?»

«ልጃቸው ናት ያነሣችው።»

«ምን አለች?»

«የስማቸው ፊደል ልክ ነው አለች።»

«በሰደር፣ እሺ» አሉና ዘጉት።

ገጹ የሚዘጋው ረቡዕ ቀትር ላይ ነው። ነገሩን ለይስሐቅ ነገርኩት።

«ከገጹ አውጣው» አለ። «በምትኩ የሐብሐብ ፎቶ አስገባ።»

«ከቀረ ወይዘሮ ስንዱ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ለሠርጋቸው ነው የሚጠብቁት።»

«እንግዲያው እንደተለመደው ጻፈው። የሺ፣ ቅርያት ጋት።»

«ቅርያት ጋት አይኖሩም።»

«ፎቶው ሲነሣ ይኖሩ ነበራ!»

«የሚኖሩበት ከተማ ነው ያልከኝ። የኖሩበት አላልከኝም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ያኔ አንዲት ቃል ብናገር እስከ መቃብር ይዘሃት ልትወርድ ነው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና ሳቁን ተወ።

በመጨረሻ የአንዷ ብቻ እንዳይጎድል የአራቱንም ከተማ ላለመጻፍ ተስማማን። አራት ስም፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ኪኔሬት። ፎቶውን ያነሣው የአውቶቡሱ ሹፌር። ሐሰት የሆነ ቃል አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁት።

ሐሙስ ምሽት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንግዶቹ ወይዘሮ ስንዱ ወደ እነሱ ሲዞሩ ይስቃሉ፤ ሲያልፉ ሳቁ ከፊታቸው ይወርዳል። ይህን በሌንስ አየሁት፤ አላነሣሁትም። ሁለቱ የኪኔሬት ጓደኞቻቸው መጥተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጋዜጣው ግን በአንድም ጠረጴዛ ላይ አልነበረም።

ወይዘሮ ስንዱ በሰዉ መካከል አቋርጠው ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ። ስልሳ ዓመት አልፎኛል። «የሺ አልመጣችም አይደል?»

ሙሽራው ልጃቸው ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ ለመነኝ።

«አልመጡም» አልኩ።

«እንግዲያው የሷንም ድርሻ እኔ እጨፍራለሁ። ስስቅ ስስቅ አንሣኝ።»

ትከሻቸው እስኪዝል ጨፈሩ። ልጆቻቸው ቁጭ በይ ቢሏቸው እንቢ አሉ። ባነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ይስቃሉ።

ዓርብ ፎቶዎቹን ለየሁ። ሰንበት ሲገባ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ቅዳሜን ቤቴ ዋልኩ፤ የደወለ የለም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። ጠርተውኝ ነው፤ ወይዘሮ ስንዱ በዚያ ሳምንት ስለ የሺ የጠየቁት አንተን ነውና ከኛ ጋር ሁን ብለውኛል። ካሜራዬን አልያዝኩም። ደረጃው ላይ አንዱ ሽማግሌ «ዛሬ እንኳ ጥያቄ አታብዛ» ሲሉ በሹክሹክታ ቀለዱብኝ።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ስንዱ ጥቁር ለብሰዋል። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል።

«ግቡ» አሉ። «ከሐሙስ ጀምሮ ስጠብቃችሁ ነው።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«እሱ» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ምንም አላልኩም» አልኩ።

«ምንም አላልክም። በጋውን ሙሉ ሐብሐብ ለሚበላ ሕፃን እንኳ ከተማ ስትጽፍለት ከርመህ የእኛን ተውከው። ሐሙስ ጠዋት አነበብኩት፤ መልሼ አነበብኩት። ሁለቱ ማታ ለሠርጉ እንደሚመጡ አውቅ ነበር፤ የቀረችው የሺ ናት። የሺን ስጠይቅህ ደግሞ የስሟን ፊደል እንጂ ደህንነቷን አልነገርከኝም።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ጨፈርሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ልጄ እያገባ! እናንተ ለእኔ ብላችሁ ደበቃችሁኝ። እኔ ለልጄ ብዬ ደበቅኋችሁ። ማን አሸነፈ?»

ይህን ብለው ፍራሹ ላይ ተቀመጡና «የሺዬ» ብለው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉና በመካከላቸው ቦታ ሰጡኝ። ተቀመጥኩ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። አንባቢ የጻፍከውን ብቻ አያነብም፤ ልማድህንም ያነባል። ከልማድህ የተውከውም እንደ ጻፍከው ይቆጠራል።

የለቅሶው ቀናት ካለፉ በኋላ የሠርጉን ፎቶዎች ይዤላቸው ሄድኩ። የኪኔሬቱ ፎቶ ከጋዜጣው ተቆርጦ የወጥ ቤታቸው በር ላይ ተለጥፏል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በእርሳስ ከተማ ተጽፏል። ከየሺ ስም አጠገብ ቅርያት ጋት ይላል።