አባቴ ስለ ምሰሶዎቹ የተናገረው

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የምትከራየውን ቤት እንድመለከትላት ብላ ከኮንኮርድ ኦክላንድ ድረስ ይዛኝ ሄደች። ከፍሪዌዩ ሥር የቆመው የድሮው ጥጥ ፋብሪካ ነው፤ ዛሬ መኖሪያ አድርገውት ሎፍት ይሉታል። አከራይዋ በሩን ስትከፍተው ፀሐይ ሲያሞቀው የዋለው የእንጨት ወለል ያንን ሽታ ለቀቀው፦ ለዘመናት ማሽን ሲንጠባጠብበት የኖረ የዘይት ሽታ፣ ደረቅ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር የተቀላቀለበት። ልጄ «ማሚ፣ መስኮቶቹን እዪልኝ፣ ሶ ኩል!» እያለች ወደ ውስጥ ስትሮጥ እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በጅቡቲ በኩል አድርገን ኦክላንድ ስንገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ድሬዳዋ በጥጥ ፋብሪካ ከወጣትነቱ ጀምሮ መካኒክ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ኤርፖርት የተቀበለን ጋሽ ተፈራ ነበር፤ እዚያው ፋብሪካ አብሮት የሠራ፣ በሠርጉም ሚዜው የነበረ። እሱ ቀድሞን መጥቶ የዚህ ሕንፃ ባለቤት ዘንድ ሥራ ይዞ ስለነበር ቤት ፈለገልን፣ አባቴንም የቀን ጥበቃ አድርጎ አስቀጠረው። አባቴ ግማሹ የዕቃ መጋዘን፣ ግማሹ ባዶ የሆነውን ያንን ሕንፃ መጀመሪያ ሲያየው ኮፍያውን አወለቀ።

እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው አባቴ ጋ ነበር፤ እሱም አዳራሽ ላዳራሽ እያዞረ ሕንፃውን ያስተምረኛል። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ የተሠራው፣ መስታወቱም ወደ ሰሜን የዞረው ሸማኔዋ ፀሐይ ዓይኗን ሳይወጋት የተበጠሰውን ክር እንድታይ ነው። የእንጨት ምሰሶዎቹ እንዲያ የወፈሩት እሳት ቢነሳ ላያቸው ከስሎ ውስጣቸው እንዲቆም ነው፤ «ብረት ሲግል ይተጣጠፋል፣ ይሄ ግን ሰዉ እስኪወጣ ይጠብቃል» ይል ነበር። ወለሉ ላይ በሴቶች እግር ተበልቶ የጎደጎደ ቦታ ነበረ። እዚያ ያቆመኝና «በይ ሥራ ጀምሪ» ይለኛል፤ ሁለቱ እግሮቼ ልክክ ይሉበታል። ማሽን ባይኖርም እየጮኸ ነው የሚያወራኝ፣ ጆሮውን ፋብሪካ ወስዶታል። ቤት ውስጥም ጨው አቀብዪኝ ሲል ጎረቤታችን ግድግዳውን ትደበድብ ነበር።

ዘወትር በመዶሻ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ጆሮውን ይለጥፋል፣ እኔንም ያስለጥፈኛል። ጤነኛው ድምፁ ይጠራል፣ የበሰበሰው ዱም ይላል። ዱም ያሉት ዝናብ ከሚያፈሰው አሸንዳ ሥር የነበሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ባለቤቱ የሽመናውን አዳራሽ፣ ያንን ባለ መጋዝ ጥርስ ጣሪያ፣ አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ተነሳ። ሕንፃው አይፍረስብን የሚሉ የሰፈሩ ሰዎች የአባቴን ነገር ሰምተው የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ እንዲናገር ለመኑት። አባቴ የሠርጉን ሱፍ አውጥቶ አስተኮሰ፣ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ተለማመደ። «አንቺ ትተረጉሚልኛለሽ» ብሎኝ ነበር። ጋሽ ተፈራ ግን ቤታችን ራት እየበላ፣

«ልጅ እኮ ናት፣ ትደናገጣለች። እኔ እያለሁልህ?» አለው።

አባቴም ደስ አለው።

ስብሰባው ላይ አባቴ ማይክሮፎኑን አልፈለገውም። «እንጨቱ ጤነኛ ነው» አለ እየጮኸ። «እያንዳንዱን ምሰሶ በመዶሻ መትቼ አዳምጫለሁ። የተበላሹት ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱም ይቀየራሉ። ይሄ ቤት ለሠራተኛ ተብሎ በሚገባ የተሠራ ቤት ነው፣ አታፍርሱት።»

ጋሽ ተፈራ ጉሮሮውን ጠራረገ። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ ምሰሶዎቹን በመዶሻ መትቶ አዳምጧል፣ እንጨቱ በስብሷል፣ በየቀኑ የሚገባበት እየፈራ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም፤ ኤርፖርት ላይ ጃኬቱን አውልቆ ያለበሰኝ ጊዜ እንዳየኝ ነው ያየኝ። ተነስቼ «ውሸት ነው» ማለት እችል ነበር፤ ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ አውቀዋለሁ። ወንበሬን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ኮሪደሩ ላይ አባቴ ላቡን እየጠረገ ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ።

«በደንብ አለልኝ?»

«አዎ አባዬ» አልኩት።

አዳራሹ ፈረሰ። አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየ፣ ጋሽ ተፈራም ትከሻውን አቅፎት አብሮት ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ተፈራ የቀረው ሕንፃ ማኔጀር ሆነ፤ አባቴም እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ቤታችን ጋበዘው።

እኔ ኮሌጅ ሳለሁ አባቴ ለማንበብ ያህል እንግሊዝኛ ተምሮ ነበር። ሕንፃው እንዳይፈርስ ከታገሉት አንዷ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የዚያን ቀን ስብሰባ የተተየበ ቃለ ጉባኤ መታሰቢያ ይሁንዎት ብለው ሰጡት። ቤት ስገባ ጣቱ የእሱ ንግግር የተተረጎመበት መስመር ላይ ነበር። ጋሽ ተፈራ ጋ ደውሎ ጠየቀው፤ ምን እንዳለው አልነገረንም፣ ሰውዬው ግን ወደ ሳን ሆዜ ተዛወረ፣ ዳግመኛም ቤታችን አልመጣም። አባቴ ያንለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ተናገረኝ።

«አንቺ እንግሊዝኛ ትሰሚ ነበር።»

«ልጅ ነበርኩ አባዬ።»

«አዎ፣ ልጅ ነበርሽ» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

አልተቆጣኝም፤ ስዳር መረቀኝ፣ ልጄን አዝሎ አሳደገልኝ። ጋሽ ተፈራን ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። አዳራሹን ብቻ አይደለም ያፈረሰብኝ፤ በዚያ አንድ እይታ የውሸቱ ተባባሪ አድርጎኛል።

አባቴ በመጨረሻው ዓመት እኔ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ ሲመጣ ልተረጉም ቀረብ አልኩ። አባቴ እጁን በዝግታ አንስቶ አስቆመኝና ለሐኪሙ «ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» አለው። ስልክ ተደውሎ ብዙ ጠበቅን። ፊቷን አይተን የማናውቃት ሴት በስልኩ አባቴ ያለውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረችለት፤ እኔ የነርስ ልብሴን ለብሼ ራስጌው ቆሜ እንደ ጠያቂ አዳመጥኩ።