ለጫማዬ ስል የፈታሁት ፋሻ

ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብላ ያለችው ቁስል ስትጀምር ባቄላ አታክልም ነበር። የአልጋ ጠርዝ ነው የጫረኝ። ድሮ በሦስት ቀን የምትደርቅ ጭረት በሰማንያ ዓመቴ ስድስት ወር ከረመችብኝ።

ሰኞና ሐሙስ ከጊዮርጊስ ጀርባ ወዳለው ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። የምታክመኝ ሲስተር በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ዝምተኛ ናት። ቁስሉን አጥባ፣ መድኃኒት አድርጋ፣ ከጣቶቼ ሥር እስከ ጉልበቴ ጠበቅ ባለ ፋሻ ትጠቀልለኛለች። ደሙ እግሬ ላይ ስለሚቆም፣ የሚያድነኝ ጥብቀቱ መሆኑን ደጋግማ ነግራኛለች። ቀንም ሌሊትም አይፈታም ስትለኝ እንደ አዋቂ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ።

ችግሩ፣ ፋሻው ጫማ አያስገባም። ሠፈራችን ፈርሶ ጓደኞቼ ከተማው ዳር ቢበተኑም፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ከያሉበት በታክሲ እየመጡ ፒያሳ ማኪያቶ እንጠጣለን። በእኛ ዘመን የአራዳ ልጅ የሚታየው ከእግሩ ጀምሮ ነው። አምና አንዱ እግሩ አብጦ በነጠላ ጫማ ቢመጣ፣ «ሻወር ቤቱ በዚያ በኩል ነው» ብዬ ያሳቅኩበት እኔ ነኝ። የገዛ ምላሴ መንገድ ዘጋብኝ።

ስለዚህ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ፋሻውን እፈታለሁ። ቡናማ ጫማዬን አድርጌ፣ ጠጥቼ፣ ቀልጄ እመለሳለሁ። ከዚያ በራሴ እጅ እጠቀልለዋለሁ፤ አጠቃለሌ ፍራሽ ለመጫን እንደቸኮለ ሰው ነው።

ሲስተሯ ፋሻው ላልቶ ባገኘችው ቁጥር በራሷ ፈረደች። ቁስሉ ሰፋ። እየለካች ካርዴ ላይ ስትጽፍ ፊቷ ይጠቁራል። መድኃኒት ቀየረች። እንቁላል ይብሉ አለችኝ። እንቁላሉን በላሁ፤ እሱን እንኳ አልዋሸሁም።

አንድ ሐሙስ ሐኪሙ መጥቶ አየና፣ አስተሳሰርሽ ልክ አይደለም አላት፣ እኔው ፊት። አቀርቅራ እሺ አለች። ቀን ሙሉ የማይዘጋ አፌ ያን ሰዓት ተዘጋ፤ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ሐኪሙ ሲወጣ ተንበርክካ ማሰር ጀመረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። እኔ አልቻልኩበትም። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሲስተር ታይዎታለች።»

«ልጄ፣ አንቺ ያሰርሽውን የምፈታው እኔ ነኝ።»

እጇ ቆመ። «ለምን?»

«ለጫማ።»

ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እኔ ስናገር ሰው መሳቅ ለምዶብኛል። አልሳቀችም። ሐኪሙን አስጠርቼ እፊቷ ደገምኩለት። እሱ ከት ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ከስድብ ባሰብኝ።

ማሰሩን ስትጨርስ ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣችና በፋሻው ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመረች። ተፈትቶ ቢታሰር መስመሩ አይገጥምም። በሰማንያ ዓመቴ እንደ ፖስታ ቤት ጥቅል ታሸግኩ።

ቅዳሜ በነጠላ ጫማ ፒያሳ ወጣሁ። ያ የሳቅኩበት ጓደኛዬ እግሬን አየ። አንድ ወንበር ስቦ እግሬን የማሳርፍበት አደረገልኝ። ምነው በሰደበኝ።

ትናንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሲስተሯ እንደ ወትሮው ሰላም ከማለቷ በፊት መስመሩን አየች። ገጥሟል። ቁስሉ ጠቦ የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል፤ ለክታ ጻፈች፣ ፊቷም ፈታ አለ። ጠቅልላኝ ስትጨርስ ግን እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች።