የስኒ ቂጥና ጥቁር ድንጋይ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ አልረሳሁም፤ ልረሳም አልፈለግኩም። ይቅር በይው የሚሉኝ ሁሉ ያንን ኮረብታ በእግራቸው አልወጡትም።

በዘጠናዎቹ ካዛንቺስ በአንድ የማዕድን ፍለጋ ቢሮ ጂኦሎጂስት ነበርኩ። አዶላ በኩል አንድ ኮረብታ ላይ ክሮማይት አገኘሁ፤ ክሮሚየም የሚወጣበት ጥቁር፣ ከባድ ድንጋይ ነው። ክሮማይት አመለኛ ነው። አልትራቤዚክ በሚባለው አረንጓዴ አለት ውስጥ እዚህ ቁራጭ እዚያ ቁራጭ ሆኖ ይደበቃል እንጂ ተያይዞ አይሄድም። ቁራጮቹን እየተከተልኩ ካርታ ላይ አሰፈርኩ። ትልቁንና ዋናውን ግን አግኝቼው ካርታው ላይ ሳላሰፍረው ወባ ጣለኝ። እኔ አልጋ ላይ ሳለሁ፣ ጠረጴዛ የምንጋራው ባልደረባዬ ያንኑ ያላለቀ ካርታ በራሱ ስም አቀረበው። ኃላፊም ሆነበት። አቤት ስል ናሙና መጋዘን ወረወረኝ።

ከዓመታት በኋላ ቢሮውን ለቆ አማካሪ ሆኖ ደወለልኝ። "እህትዓለም፣ አንድ ባለሀብት ይዣለሁ። ማለቴ፣ አብረሽኝ ቁጭ ብትዪና ካርታው ትክክል ነው ብትዪልኝ፣ በቃ።" የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! እሺ አልኩት። ደስ እያለኝ ነው እሺ ያልኩት።

እዚያው ካዛንቺስ አንድ ካፌ ተቀመጥን። ባለሀብቱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። እሱ "ከኮረብታው ያመጣሁት ክሮማይት" ብሎ ጥቁር ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሳነሳው ጠረጠርኩ። ቡናዬን ጨርሼ ስኒውን ገለበጥኩት። መስክ ላይ የለመድነው ዘዴ ነው፤ የስኒ ቂጥ ላይ ያለችው ሻካራ ክብ ድንጋይ ሲፈተግባት የዱቄቱን ቀለም ታወጣለች። ክሮማይት ቡናማ ጭረት ይተዋል። ይሄኛው ስፈትገው እንደ ከሰል ጠቆረ። ማግኔታይት ነው፣ ተራ የብረት ድንጋይ። እሱም ጂኦሎጂስት ነውና ጭረቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሽማግሌው ስኒውን ተቀብለው አዩ። "ታዲያ ክሮማይት የለም በይኛ፣ ልጄ?"

"ኧረ አለ፣ አባቴ። ደህና አድርጎ አለ። ያገኘው ሰው ዋናው የት እንደሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ያሳይዎታል።"

ሽማግሌው ካርታውን ዘርግተው "እስቲ አሳየኝ" አሉት። እሱ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ለመነኝ። እውነቱን ልናገርና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"እሱን ይጠይቁት እንጂ" አልኩ። "ካርታው ላይ ያለው የእሱ ስም ነው።"

ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ፣ አነሳ፣ ሌላ ቦታ አሳረፈ። ሽማግሌው ካርታውን አጣጥፈው መለሱለትና ሂሳብ ከፍለው ወጡ።

ኮረብታው እስከ ዛሬ አልተነካም። አገር ጎዳሽ የሚለኝ ካለ ይበለኝ። "እሷ ናት ያገኘችው" ቢል እኮ ቦታውን እኔው እዚያው አሳያቸው ነበር። አላለም።